ምደባ ብቻውን አብሮነትን አይፈጥርም፤ ብዝኃነትና አካታችነት በዩኒቨርሲቲ ግቢ

በየዓመቱ የአዲስ ተማሪዎች መግቢያ ወቅት ሲደርስ ከሁሉም የአገሪቱ አቅጣጫዎች የሚነሱ ወጣቶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ረግጠውት ወደማያውቁት ከተማ ያመራሉ። በቋንቋ፣ በእምነት፣ በባህልና በኑሮ ደረጃ የሚለያዩት እነዚህ ወጣቶች በአንድ መኝታ ክፍል አድረው፣ በአንድ አዳራሽ ተመግበው፣ በአንድ ክፍል ተምረው አራትና ከዚያ በላይ ዓመታትን ያሳልፋሉ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ያህል የአገሪቱን ብዝኃነት በአንድ አጥር ውስጥ የሚያሰባስብ ተቋም ማግኘት አዳጋች ነው።

ጉዳዩ ከትምህርት ዘርፉ ያለፈ ፋይዳም አለው። ከእነዚህ ግቢዎች የሚወጡት ምሩቃን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ፣ ዕቅድ የሚያወጡና ውሳኔ የሚሰጡ ባለሙያዎች ናቸው። በመሆኑም በግቢ ውስጥ የሚዳብረው የመከባበር ወይም የመጠራጠር ልምድ ውሎ አድሮ በሲቪል ሰርቪሱ አሠራር ላይ መንጸባረቁ አይቀርም።

ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦች

ብዝኃነት፣ አካታችነትና የባለቤትነት ስሜት ብዙውን ጊዜ በአንድነት የሚጠሩ ቢሆንም ትርጉማቸው የተለያየ ነው። ብዝኃነት በግቢው ውስጥ እነማን እንደሚገኙ የሚያመለክት ሲሆን በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። አካታችነት የተቋሙ ሕንፃ፣ ደንብ፣ አገልግሎትና የማስተማሪያ ዘዴ ሁሉንም ተማሪ ታሳቢ አድርጎ መዘጋጀቱን ይመለከታል። የባለቤትነት ስሜት ደግሞ ተማሪው "ይህ ግቢ የእኔም ነው" ብሎ ከባይተዋርነት መላቀቁ ነው። የመጀመሪያው በምደባ፣ ሁለተኛው በአሠራር የሚገኝ ሲሆን ሦስተኛው የሁለቱ በአግባቡ መተሳሰር ውጤት ነው።

የዘርፉ ጉዞ

የአገሪቱ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። በ1950 ዓ.ም በአክራ በተካሄደው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠቷን ተከትሎ ከሌሎች የአህጉሩ አገሮች የመጡ ወጣቶች ግቢውን ተቀላቅለዋል። እነዚህ ተማሪዎች ይዘውት የመጡት የፀረ ቅኝ አገዛዝ አስተሳሰብ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ንቅናቄ ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩን የታሪክ ጸሐፍት ያስረዳሉ። ከተለያየ ሥፍራ የመጡ ወጣቶች በአንድ ግቢ መገናኘታቸው የሐሳብ ለውጥ እንደሚያስከትል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1980ዎቹ ማብቂያ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይጠሩ የነበሩት የአዲስ አበባና የዓለማያ ተቋማት ብቻ ነበሩ። በተከታታይ በተካሄደው የማስፋፋት ሥራ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል። የቅበላ ሥርዓቱም ለረጅም ዓመታት በማዕከል ምደባ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ቆይቷል። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች በመግቢያ ነጥብ ልዩ ድጋፍ ሲደረግ መቆየቱም ይታወቃል።

የሕግ መሠረት

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 የእኩልነት መብትን ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ያለፈው የልዩነት ታሪክ ያደረሰባቸውን ጉዳት ለማካካስ የድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በአንቀጽ 90 ላይም ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ተመልክቷል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥሩ ግዴታ የጣለ ሲሆን፣ አስፈላጊ ሲሆን የመማሪያ ክፍል መቀየርን፣ አማራጭ የፈተና ዘዴ ማዘጋጀትንና የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማቅረብን ይጨምር ነበር። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። ከዚህ በተጨማሪ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋም ይታወሳል። ስለዚህ አካታችነት በበጎ ፈቃድ ላይ የሚመሠረት ሳይሆን ተጠያቂነትን የሚያስከትል የሕግ ግዴታ ነው።

የ2012 ዓ.ም ትምህርት

ሕጉና ምደባው ባሉበት ግን በ2012 ዓ.ም የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔርን መነሻ ያደረጉ ግጭቶች ተቀስቅሰዋል። በጥቅምት ወር ማብቂያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተፈጠረው ግጭት 2 ተማሪዎች ሕይወታቸው ያለፈ ሲሆን ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛምቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ ሥፍራ መላክ የሚያሠጋቸው ወላጆችም ጥቂት አልነበሩም። የጥበቃ ኃይል ማሠማራት ግጭትን ለጊዜው ሊገታ ቢችልም በተማሪዎች መካከል መተማመንን ሊፈጥር እንደማይችል በወቅቱ በግልጽ ታይቷል።

በዚህ ረገድ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን አልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው ማብራሪያ አሁንም ድረስ በመስኩ ምሁራን ይጠቀሳል። በአልፖርት ትንታኔ መሠረት የተለያዩ ቡድኖች መቀራረባቸው ብቻ ጥላቻን አያስወግድም። መቀራረቡ ፍሬ እንዲያፈራ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ግቡን ለማሳካት መተባበርና የኃላፊዎች ወይም የሕግ ግልጽ ድጋፍ ሊኖሩ ይገባል። እነዚህ አራት ሁኔታዎች በሌሉበት ጎን ለጎን መኖር መጠራጠርን ሊያባብስ ይችላል። ምደባ የሚያስገኘው መቀራረቡን ብቻ ሲሆን የቀሩትን ማሟላት የእያንዳንዱ ተቋም ድርሻ ነው።

ከመርህ ወደ አሠራር

አራቱ ሁኔታዎች በግቢ ሕይወት ውስጥ በተጨባጭ ሥራዎች ይገለጻሉ። ቀዳሚው የመኝታ ክፍል ድልድል ነው። ድልድሉ በስም ፊደል ተራ ወይም በትምህርት ክፍል ብቻ ሲከናወን የሚፈጠረው ስብጥር በአጋጣሚ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ክፍሎች በኋላ በመቀያየር በቋንቋ ወይም በትውልድ አካባቢ እንዲለዩ ከተተወ ደግሞ ግቢው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በማይታይ አጥር ይከፋፈላል። በክፍል ውስጥ የሚሰጡ የቡድን ሥራዎችም እንዲሁ ናቸው፤ መምህሩ ቡድኑን ራሱ ሲያዋቅር ተማሪዎቹ በጋራ ውጤት ይተሳሰራሉ፤ ለተማሪዎቹ ምርጫ ብቻ ሲተው ግን አስቀድመው የሚተዋወቁት ተመራርጠው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ መርሐ ግብር ውስጥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂና አካታችነት የተሰኙ ኮርሶች ተካትተዋል። የማንኛውም የሙያ መስክ ተማሪ ስለ ብዝኃነትና ስለ አካል ጉዳተኝነት በክፍል ውስጥ እንዲወያይ ዕድል የሚሰጡ በመሆናቸው፣ ለፈተና ከመሸምደድ አልፈው ለውይይት መዋላቸውን መከታተል ይገባል።

ሦስተኛው የዕለት ተዕለት አገልግሎት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ ተማሪ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሊያመልጠው ይችላል። የጾም ወቅቶችንና የረመዳንን የአመጋገብ ሰዓት ያገናዘበ የምግብ ቤት መርሐ ግብር፣ ለሴት ተማሪዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ መኝታና ምስጢር የሚጠብቅ የአቤቱታ ሥርዓት፣ ለዓይነ ስውራን በብሬይል የተዘጋጀ ጽሑፍ፣ መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እኩል ደረጃ የሚባለውን መርህ በተግባር ይተረጉማሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ተማሪ ትምህርቱ በሦስተኛ ፎቅ የሚሰጥ ከሆነ የመግቢያ ነጥቡ ላይ የተደረገለት ድጋፍ ትርጉም ያጣል።

አራተኛው ዩኒቨርሲቲውን ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ማስተሳሰር ነው። በጎንደር "የቃል ኪዳን ቤተሰብ" በሚል መጠሪያ የሚታወቀው አሠራር ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ከከተማዋ ነዋሪዎች ጋር በቤተሰብነት የሚያቆራኝ ነው። ተማሪው ሲታመም የሚጠይቀው፣ በዓል ሲደርስ የሚጠራው ቤት ሲኖረው ከተማዋን እንደ ራሱ ይቆጥራል፤ ነዋሪውም ተማሪውን እንደ ልጁ ይጠብቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር በአካል ጉዳተኞች አካታችነት ላይ ያተኮረ የትምህርት ዕድል መርሐ ግብር ሲያካሂድም ቆይቷል።

ቀጣዩ ኃላፊነት

በ2015 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝነት የሚደነግግ አዋጅ ጸድቆ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ሆኗል። ራስ ገዝነት ተቋማት የተማሪ ቅበላንና ፋይናንስን ጨምሮ በራሳቸው ጉዳይ የመወሰን ሥልጣናቸውን ያሰፋል። ለትምህርት ጥራት የሚኖረው ጠቀሜታ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ቀድሞ በማዕከል ምደባ ይገኝ የነበረው ስብጥር ከእንግዲህ በራሱ እንደማይመጣ መገንዘብ ያሻል። የከፍተኛ ክፍያ ጫናና የፈተና ዝግጅት ልዩነት ከገጠርና ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚመጡ ወጣቶችን ከበሩ ሊመልስ ስለሚችል የቅበላ መመሪያዎችና የድጋፍ በጀቶች ከወዲሁ ታስቦባቸው መዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

የየተቋሙ የሥራ አመራር ቦርድም ሆነ ጉዳዩን የሚከታተሉ የመንግሥት አካላት በሪፖርቶች ውስጥ የተማሪዎችን ቁጥር በብሔር፣ በፆታና በአካል ጉዳት ለይቶ ከመመልከት ባሻገር ሌሎች ጥያቄዎችንም ማንሳት ይጠበቅባቸዋል። በልዩ ድጋፍ ከገቡት መካከል ስንቶቹ ተመረቁ? ያቋረጡት በምን ምክንያት አቋረጡ? አቤቱታ ያቀረበ ተማሪ በስንት ቀን ውስጥ ምላሽ አገኘ? መወጣጫ የሌላቸው የመማሪያ ሕንፃዎች ስንት ናቸው? ምላሾቹ በየዓመቱ ተመዝግበው ከዕቅድና ከበጀት ጋር ሲያያዙ አካታችነት ከመፈክርነት ወጥቶ የመደበኛ ሥራ አካል ይሆናል። ተማሪውን እስከ ግቢው በር የሚያደርሰው ምደባ ወይም ቅበላ ሲሆን፣ ከበሩ በኋላ ያለው ኃላፊነት የተቋሙ አመራሮች፣ መምህራንና ሠራተኞች መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።