ሣሩን ሳያዩ ከብት አይነዱም

ሰኞ የካኮ ገበያ ነው። ከበናም ከአሪም የመጣው ሰው ማርና ቅቤውን፣ ማሽላና የቡና ገለባውን ዘርግቷል። እኔ ከናይሮቢ ከተመለስኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የአባቴ የድሮ ወዳጅ የሆኑ አንድ የበና ሽማግሌ ቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቦርኮቶ ለማታውቁት፣ ቀን ወንበር ማታ ትራስ የሚሆን፣ በእጅ ይዘውት የሚዞሩት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ነው።

«የት ጠፍተህ ነው?» አሉኝ።

«ሥራዬ ላፕቶፕ ላይ ነው አባባ። ኔትወርክ ካለ የትም አገር ተቀምጬ እሠራለሁ። ትንሽ እዚህ እቆያለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ አገር እሄዳለሁ።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እንደ እኛ ከብት ነው በለኛ። ታዲያ ሣሩን ማን አየልህ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማንም አላየልኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሮንቶ ላለ አንድ ድርጅት ቪዲዮ አቀናብር ነበር። ግማሽ ገቢዬ ከዚያ ነው የሚመጣው። «ናይሮቢ ኢንተርኔቱ ይሻላል» ሲሉኝ ጊዜ፣ ኪሊማኒ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ስቱዲዮ በስልኬ አየሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ በረንዳ አለው። «ዋይፋይ አለ፣ ጄኔሬተር አለ» ይላል። የሦስት ወር አንዴ ከከፈልክ ቅናሽ አለ ተባልኩና ቤቱን በእግሬ ሳልረግጠው ከፈልኩ።

ደረስኩ። ፎቶው ውሸት አልነበረም፤ ጠረጴዛውም በረንዳውም አለ። ፎቶው ያላሳየኝ ከበረንዳው ፊት ለፊት የሚሠራውን ፎቅ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ብረት ይቆረጣል። ዋይፋዩም የሕንፃው ሁሉ የጋራ ስለሆነ ሰው ከሥራ ሲገባ ይሞታል። ጄኔሬተሩስ? አለ። ግን የሚያበራው ሊፍቱንና ኮሪደሩን ነው። መብራት ሲጠፋ እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከበሩ ስር የሚገባውን የኮሪደር መብራት አያለሁ።

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ስብሰባ ተቋረጠብኝ። ከሦስተኛው በኋላ የቶሮንቶዎቹ ውሉን በትህትና ዘጉት። የቀረውን ሁለት ወር ኪራይ ማንም አልመለሰልኝም። እውነት ለመናገር ግን ባለቤቱ አልዋሸኝም፤ የጠየቅኩትን መልሷል። ጥፋቴ መጠየቅ ያለብኝን አለመጠየቄ ነው።

ካኮ ላይ ሽማግሌው የነገሩኝ ሌላ ነው። ከብት ከመነዳቱ በፊት ጎረምሶች ቀድመው ይሄዳሉ። ሣሩን ያያሉ፣ ውኃውን ያያሉ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሰላም መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይናገራሉ። እኛ አገር «ዘላን» ብዙ ጊዜ መሳደቢያ ነው፤ ዝም ብሎ የሚንከራተት ሰው ማለት ይመስለናል። «ዲጂታል ኖማድ» የሚለው ስም የታወቀው ግን በፈረንጆቹ 1997 ጃፓናዊው ጹጊዮ ማኪሞቶና ዴቪድ ማነርስ በዚሁ ርዕስ ባሳተሙት መጽሐፍ ሲሆን፣ ዛሬ መኩሪያ ሆኗል። እኔ በስሙ ስኮራ፣ ዝም ብሎ የተንከራተተው ማን እንደነበር ካኮ ላይ ገባኝ።

እናም ከዚህ በኋላ ራሴን የማስገድድበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሦስት ሌሊት ነው። ወር የሚባል ነገር ከሩቅ አትክፈሉ። ርካሽ ማረፊያ ሦስት ሌሊት ያዙና በእግራችሁ ቤት ፈልጉ። አንዱ ሌሊት የሥራ ቀን፣ አንዱ የቅዳሜ ማታ ይሁን። አንዳንድ ሰፈር ጭፈራ ቤቱ የሚታወቀው ቅዳሜ ማታ ነው።

ሁለተኛው ኔትወርኩን በሥራ ሰዓታችሁ መለካት ነው። ቶሮንቶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት፣ ዋይፋይ የሚጨናነቅበት ሰዓት ማለት ነው። ረፋድ ላይ ለክታችሁ «ፈጣን ነው» ብትሉ ራሳችሁን ሸወዳችሁ። የምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ለኩ። ደግሞ ማውረጃውን ብቻ ሳይሆን መጫኛውን ተመልከቱ፤ ስብሰባ ላይ ፊታችሁን የሚያደርቀው እሱ ነው። የሞባይል ዳታ መጠባበቂያ ከሆነም አስሉት። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይበላል።

ሦስተኛው የጥያቄ አጠያየቅ ነው። «ጄኔሬተር አለ?» አትበሉ። «መብራት ሲጠፋ የእኔ ክፍል ሶኬት ይሠራል?» በሉ። «ውኃ አለ?» ሳይሆን «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በማይመጣበት ቀን ከየት እቀዳለሁ?» በሉ። «አለ» የሚለው መልስ ኪሴን አራግፎታልና ስሙኝ።

አራተኛው ከአከራዩ ሌላ ሰው ማነጋገር ነው። ጥበቃውን፣ የታችኛውን ሱቅ፣ ደረጃ ላይ ያገኛችሁትን ተከራይ ጠይቁ። ናይሮቢ ከሆናችሁ ደግሞ ኢስሊ ሂዱ። ሐበሻ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሽሮ እየበላችሁ የምትሰሙት ምክር ከመቶ የኢንተርኔት ኮከብ ይበልጣል። እኔ እዚያ የሄድኩት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው።

አምስተኛው ብሩ ነው። ቤቱን ሳታዩ «ቦታ ለመያዝ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው ዝጉት። ተቀማጭ ከከፈላችሁ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሁን። እኛም አገር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። አዋጁ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ሆቴልና ጌስት ሃውስ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ስለዚህ ጥበቃችሁ ደረሰኙ ነው።

ስለ ቪዛ በአጭሩ፦ መግባት መፈቀዱ መሥራት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ኢስቶኒያ በፈረንጆቹ 2020፣ ኬንያ ደግሞ በ2024 ከሩቅ ለሚሠሩ ሰዎች የተለየ ፈቃድ ያወጡት ለዚህ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የሚመለከተውን ኤምባሲ ጠይቁ።

አሁን ጂንካ ነኝ። ሌላ ደንበኛ እስካገኝ እዚሁ ለመሥራት ወስኜ ሦስት ሌሊት ሦስት ቦታ አደርኩ። አንዱ ጋ ኔትወርኩ ማታ ይጠፋል። ሌላው ጋ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ነው። ሦስተኛው የአንዲት እናት ግቢ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ ለፎቶ የሚሆን ነገር የለውም።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ ስለካ አዩኝና፣ «ምን ትሠራለህ ልጄ?» አሉኝ። ከፈረንጆች ጋር በቪዲዮ እንደማወራ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ሳትከፍል ልንገርህ» አሉ እማማ። «ከኋላችን ወፍጮ ቤት አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ማታም ቢሆን ያስፈጫሉ። ከጮኸብህ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ትገባለህ፤ እኔ ማታ ማታ ጓሮ ነኝ።»

እዚያው ተከራየሁ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው አከራዮች ሁሉ የቤታቸውን ጉድለት ሳልጠይቅ የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ወፍጮው እንዳሉት ይጮሃል። ትናንት ማታ ከአዲስ ደንበኛ ጋር የመጀመሪያ ስብሰባዬን በእማማ ሳሎን አደረግኩ። አልተቋረጠም።