«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። «ሲስተም» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ኮምፒውተር ነው። ሒሳቡን የሚያሰላው፣ የሚመዘግበውና ክፍያ የሚፈቅደው ግን ከጀርባ ያለው፣ ለዓይን የማይታየው ክፍል ነው። ባለሙያዎቹ ባክኤንድ ይሉታል።

ይህ ክፍል ሲሳሳት ምን እንደሚከተል መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ታየ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ሲዛመት ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ሰብሮ የገባ ጠላፊ አልነበረም፤ ችግሩ የመጣው ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው።

አንዲት የደብረ ብርሃን ነጋዴ የብርድ ልብስ ዋጋ 2,000 ብር በስልኳ ስትልክ ኔትወርክ ተቋረጠ እንበል። መልስ ስታጣ ደግማ ላከች። ሁለት ጊዜ ይቆረጥባት ይሆን? ይህን የሚወስነው ባክኤንዱ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራመር እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ያደርጋል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣታል እንጂ ዳግም አይቆርጥም። ከእሷ መቀነሱና ለሻጩ መጨመሩም እንደ አንድ ድርጊት ይቆጠራል፦ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አይፈጸምም። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ የሒሳብ መዝገቡ፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ ዳግም ሲነሣ በግማሽ የቀረውን ሥራ ይሰርዘዋል። ደህና የዕቁብ ጸሐፊም ብር ተቀብሎ ሳይመዘግብ ከወንበሩ አይነሣም።

ማሻሻያ ሲጫን ደግሞ ሥርዓት አለው። አዲሱ ኮድ መጀመሪያ በሙከራ ሰርቨር ላይ ይፈተናል፤ ቀጥሎ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ይከፈታል፤ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መንገድም አስቀድሞ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ሥራ አስኪያጆች «ቶሎ በሉ» ሲሉ ቀድሞ የሚዘለለውም ይኸው ነው፤ ሊዘለል ግን አይገባም።

ከውጭ የመጣ መማሪያ የማይነግራቸው የአገራችን ጣጣዎችም አሉ። ዓመቱን 12 ወር አድርጎ የተጻፈ ፕሮግራም ጳጉሜን ላይ ይደናገራል። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ደንበኛ «ጸሃይ» ተብላ ስትፈለግ ኮምፒውተሩ «የለችም» ይላል፤ ለእሱ ፀ እና ጸ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸውና። መድኃኒቱ ቀኑን በዳታቤዙ በአንድ ወጥ መለኪያ አስቀምጦ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ፣ ለፍለጋም ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠኑ ወጣቶች ባማረ ገጽ አትጀምሩ። ትንሽ የዕቁብ መዝገብ ሥሩ፤ ክፍያ በመካሄድ ላይ ሳለ ሶኬቱን ንቀሉ፤ መልሳችሁም ስትሰኩ ሒሳቡ መግጠሙን እዩ።