ድንክዬ የመልክ ሥዕልና የአንዲት ፀጉር ተረት

ድንክዬ የመልክ ሥዕል መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ኪስ የሚገባ የሰው መልክ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሙያውን በ1520ዎቹ ለሄንሪ ስምንተኛ ቤተ መንግሥት ያመጣው ሉካስ ሆረንባውት የሚባል የፍላንደርስ ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃንስ ሆልባይን ተከተለ፤ ከሱ በኋላ ደግሞ በ1547 የተወለደው ወርቅ አንጥረኛው ኒኮላስ ሂልያርድ መጣ። ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ይፋ ሲሆን ገበያው ቀዘቀዘ። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ እነዚህ ሥዕሎች ወዳሉበት ደብዛዛ ክፍል በገባሁ ቁጥር ከአጠገቤ የቆመ አንዱ ለጓደኛው፣ «ይኼ እኮ በአንዲት ፀጉር ነው የተሳለው!» ይለዋል። ጓደኛውም «ወይ ጉድ!» ብሎ ያልፋል፤ ሥዕሉን ሳያይ ማለት ነው።

እስቲ እቤት ሞክሩት። ከራሳችሁ አንዲት ፀጉር ነቅላችሁ የውሃ ቀለም ውስጥ ንከሯት። ጥቂት ቀለም ይዛ ትወጣለች፤ ብራናው ጋ ሳትደርስ ይደርቅባታል። ብትደርስ እንኳ ትጎብጣለች እንጂ መስመር አታሰምርም። የሙያው ሰዎች የሚጠቀሙት ብሩሽ ስኩዊረል ከሚባለው ጭራው ጎፍላላ የዛፍ እንስሳ ፀጉር የታሰረ፣ ወፍ ላባ ዘንግ ውስጥ የገባ ነው። ብሩሹ ሆድ አለው፤ ሆዱ ቀለም ይቋጥራል፣ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ቁም ነገሩ ሆዱ ነው። ሆድ የሌለው ብሩሽ ምንም ቢሾል ደረቅ ጭረት ብቻ ይተዋል።

ችግሩ ግን ብሩሹ ላይ አያልቅም። ቀለሙ የሚለወሰው በግራር ሙጫና በውሃ ነው። ሙጫው ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። ሠዓሊው መጀመሪያ ፊቱ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ ወጥ የቆዳ ቀለም ይቀባል፤ ዓይኑን፣ ጉንጩን፣ የአፍንጫውን ጥላ የሚያወጣው ከዚያ በላይ ነው። ብሩሹ ትንሽ ከረጠበ፣ ወይም እጁ አንድ ቦታ ላይ ከተመላለሰ፣ የታችኛው ቀለም ይነሳል፤ ፊቱ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ አጭር፣ ፈጣን፣ ከደረቅ ትንሽ የረጠበ ጭረት፣ ከዚያ ሌላ ጭረት፣ ቀዩ ከሰማያዊው ጎን፣ ቡናማው ከሁለቱ ጎን። አጉሊ መነጽር ስታስጠጉ ፊቱ ወደ ጭረት ይበተናል፤ ስታርቁት ሰው ይሆናል። ጥበቡ ያለው እዚህ ነው፤ ማነሱማ አስገዳጅ ሁኔታ እንጂ ሙያ አይደለም።

ብራናውም የራሱ ጣጣ አለው። በጣም ስስ የጥጃ ብራና መጫወቻ ካርታ ላይ ይለጠፋል። ሆልባይን በ1536 አካባቢ የሳላት፣ በዲያሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጠው የወይዘሮ ጄን ስሞል ሥዕል ጀርባዋ እንዲህ ያለ ካርታ ነው። ዝሆን ጥርስ ላይ መሳል የመጣው በ1700 አካባቢ ነው፤ ሮዛልባ ካሪዬራ ቬኒስ ውስጥ በዚያ ሥራ ዝና አገኘች።

ሂልያርድ በ1600 አካባቢ በጻፈው የሙያ መመሪያ ሠዓሊው ሐር እንዲለብስ ይመክራል፤ ሐር ብናኝ አያራግፍማ። ከራስ ፎረፎር፣ ሥራው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያወሩ ከሚፈናጠር ምራቅም ተጠንቀቁ ይላል። ዕንቁ ሲስል ከእርሳስ የተሠራ ነጭ ቀለም ጠብ አድርጎ ጉብ ያሰኘዋል፤ አናቱ ላይ ብር ያስቀምጥና በትንሽ የዱር አውሬ ጥርስ ይወለውለዋል። አሁን ብሩ ጠቁሯል፤ ጎብኚው ደግሞ «ጥቁር ዕንቁ ያደርጉ ነበር እንዴ?» ይላል። የፊቶቹም መገርጣት እንዲሁ ነው። የዚያ ዘመን መኳንንት ነጭ መምሰል ይወዱ እንደነበር እውነት ነው፤ ግን ጉንጭ ላይ የነበረውን ቀይ የበላው ብርሃን ነው። ክፍሉ የጨለመው በዚህ ምክንያት ነው፤ አምፖል ጨምሩልን እያላችሁ ዘበኛውን አታድክሙት።

ከሁሉ የሚብሰው የራሱ ያለው ሰው ነው። አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ሻጩ የሥዕሉን መስታወት አንስቶ፣ «ትንሽ አቧራ ይዟት ነው» አለና አውራ ጣቱን በምራቅ አርሶ ፊቷ ላይ አሸት አደረገ። ጉንጯ ጣቱ ላይ ቀረ። እሱ እቴ! ዋጋም አልቀነሰ። ውርስ ያላችሁ ሰዎች፣ መስታወቱን አትክፈቱ፤ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ ከማሞቂያው አርቁት፣ ይጣመማል።

የአንዲት ፀጉር ተረት እውነት የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። በ1957 በርሚንግሃም አካባቢ የተወለደው ዊላርድ ዊጋን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሐውልት ያቆማል። በሁለት የልብ ምት መካከል ባለችው ፋታ እንደሚቀርጽና የዓይን ሽፋሽፍት እንደ ብሩሽ እንደሚጠቀም ይናገራል። የሚቀባው ነገር ጠብታም አይፈልግም፤ እሱ ዘንድ ሆዳም ብሩሽ ሥራውን ያሰጥመዋል። የእሱ ጠላት ትንፋሽ ነው፤ አሊስ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ቀርጾ ሲያበቃ አየር ስቦ ዋጣት።