አነስተኛ ሎጅ በተራራ ከተማ፦ የላሊበላ የእንግዳ ማረፊያዎች አሠራርና ፈተና

መግቢያ

ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው የሚሄድበት ምክንያት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከአለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ወይም ለመሳለም ነው። ያደረበት ቤት ግን ከጉዞው በኋላ በጥቂት ቃላት ብቻ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከቅርሷ የምታገኘው ጥቅም ከፍ ያለው ክፍል የሚያልፈው በዚሁ ቤት በኩል ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ የመግቢያ ክፍያ ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስተዳደር ይገባል፤ የማደሪያው ክፍያ ግን በእንጀራ ጋጋሪዋ፣ በአትክልት ሻጩ፣ በጥበቃውና በአስጎብኚው እጅ እየዞረ በከተማው ውስጥ ይበተናል። ይህ አጭር ጽሑፍ የላሊበላን አነስተኛ ሎጆች መነሻ በማድረግ፣ የተራራ ከተማ ማረፊያ ከምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚቆምና ከአካባቢው ጋር በምን እንደሚተሳሰር ያብራራል። በመጨረሻም ማረፊያዎቹን ለአደጋ የሚያጋልጣቸው ምን እንደሆነ ያመለክታል።

የሎጅ ምንነትና የመስተንግዶው መነሻ

አነስተኛ ሎጅ ሲባል ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ተነጣጥለው የተሠሩ፣ የአካባቢውን የቤት አሠራር መልክ የያዙ፣ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ከዕለት ሥራው የማይለይበት ማረፊያ ማለት ነው። ትልቅ ሆቴል የሚያተርፈው በክፍሎቹ ብዛት ሲሆን ሎጅ የሚያተርፈው በቦታው ባሕርይ ነው፤ በእይታው፣ በጸጥታውና በመስተንግዶው።

በላሊበላ እንግዳ መቀበል ከሎጅ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ጥንት ሮሐ ትባል የነበረችው ይህች የላስታ ከተማ ለዘመናት የተሳላሚዎች መዳረሻ ሆና ኖራለች። በየዓመቱ ለገና በዓል ከሩቅ በእግር የሚመጡ ምእመናን በዘመድ ቤት፣ በየግቢውና በድንኳን ያድራሉ፤ የደከመውን መንገደኛ እግር አጥቦ መቀበልም የከተማዋ ነዋሪዎች የቆየ ወግ ነው። ሆቴል የመጣው ዘግይቶ፣ አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ላሊበላን የሚያያይዘው የታሪካዊ ቦታዎች የጉዞ መስመር ሲዘረጋ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። የግል ሎጆች የተስፋፉት በኋለኞቹ ዓመታት ሲሆን፣ አሮጌውን የእንግዳ አቀባበል ከአዲሱ የንግድ ሥርዓት ጋር ያጣመሩ ናቸው ማለት ይቻላል።

ድንጋይ፣ ሣርና ቆርቆሮ

የአካባቢው ነባር ቤት ከቀይ ድንጋይ የተገነባ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብና የሣር ክዳን ያለው ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚቀበልና ሌሊት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፣ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ለሆነ የደጋ አየር ተስማሚ ነው። ብዙ ሎጆች ይህንን መልክ ይከተላሉ፤ ክብ ክፍል፣ ቀይ ድንጋይ፣ ወደ ሸለቆው የተከፈተ ሰገነት። ተዳፋት መሬት ላይ ሲገነባ ክፍሎቹ በእርከን ስለሚቀመጡ አንዱ የሌላውን እይታ አይጋርድም።

ነገር ግን የሣር ክዳን ለዓይን ያማረውን ያህል ለሥራ አይመችም። በየጊዜው መታደስ ያስፈልገዋል፤ እሳት ያሰጋዋል፤ ከሁሉም በላይ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም አያገለግልም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ አሸንዳ የተገጠመለት 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በክረምት 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ፣ የሚባክነው ሳይቆጠር እስከ 60,000 ሊትር ሊሰበስብ ይችላል። ባለቤቱ እንግዳ የሚወደውን መልክና ግቢው የሚፈልገውን ውሃ ማመዛዘን ይኖርበታል። የተለመደው መላ የመኝታ ጎጆዎቹን በሣር፣ የወጥ ቤቱንና የዕቃ ቤቱን ጣሪያ በቆርቆሮ መክደን ነው።

ከፍታ፣ ውሃና ሙቀት

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በከተማዋ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ እንቅልፉም ሊቆራረጥ ይችላል። ውሃም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜና ብዙ ማገዶ ይጠይቃሉ። እንግዳው ከመድረሱ ብዙ ሰዓታት አስቀድሞ ድስቱ መጣድ አለበት።

ዋናው ጭንቅ ግን ውሃ ነው። በተዳፋት ላይ በተቆረቆረች ከተማ ውሃን ወደ ላይ መግፋት ኃይል ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቋረጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሎጅ ከክፍሎቹ ከፍ ባለ ቦታ ሮቶ ይተክላል፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ከበጋው ጠራራ ሰማይ ጋር ይስማማል፤ በክረምት ደመና ግን ሌላ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል።

የገባው ውሃ መውጫም ሊታሰብበት ይገባል። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ለምሳሌ ቤተ ጊዮርጊስ ከምድር ገጽ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል። እርጥበትን የሚስበው አለት ቀስ በቀስ የሚሸረሸረው በውሃ ምክንያት በመሆኑ፣ ከተወሰኑት አብያተ ክርስቲያናት በላይ መጠለያ የተሠራው ዝናቡን ለመከላከል ነው። እንግዲህ ከቅርሱ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ የሚቆፈር የፍሳሽ ጉድጓድ የግቢው ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ማረፊያው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በቀረበ መጠን ገበያው ይደራል፤ የሚያደርሰው ጉዳትም በዚያው መጠን ሊጨምር ይችላል።

ማዕድና የአካባቢው ገበያ

የላሊበላ ሎጅ ወጥ ቤት በሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ይሠራል፤ በእንግዳውና በቤተ ክርስቲያኒቱ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ይጾማል፤ ይኸው ጊዜ ደግሞ የውጭ አገር እንግዶች የሚበዙበት ነው። ምግብ አብሳይዋ ራሷ እየጾመች ለእንግዳው ቁርስ እንቁላል ትጠብሳለች፤ ለጿሚው ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በሌላ ድስት ትሠራለች። ዕቃ ሳይቀላቀል፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ ወደ ጾሙ ወጥ ሳይገባ ሁለቱን ማስኬድ የዚህ ወጥ ቤት ልዩ ሙያ ነው።

የሎጁ ጥቅም ለገጠሩ የሚደርሰው በዚሁ ማዕድ ነው። ጤፍ፣ እንቁላል፣ አትክልትና የላስታ ማር ከአካባቢው ገበሬ ሲገዙ የእንግዳው ገንዘብ እስከ ገጠር ቀበሌ ይዘልቃል። የታሸገ ጭማቂ፣ ማርማላታና ፓስታ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ግን ገንዘቡ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ከማርማላታ ይልቅ ማር መቅረቡ የጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ገቢው የት እንደሚቀር የሚወስን ነው። በአጎራባቹ መቄት የአካባቢው ማኅበረሰብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእንግዳ ጎጆዎች፣ ጓዝ በአህያ ተጭኖ በእግር የሚደረስባቸው፣ ይህንኑ ሐሳብ አንድ እርምጃ ወደፊት የወሰዱ ናቸው።

ወቅትና ስሌት

የእንግዳ ፍሰቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይነቃል፤ በታኅሣሥ መጨረሻ በገና፣ ቀጥሎም በጥምቀት ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። በገና ንጋት ካህናቱ በማሜ ጋራ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ከተማዋ ማደሪያ አይተርፋትም።

ለማሳያ ያህል 10 ክፍሎች ያሉት ሎጅ ይታሰብ። በዓመቱ 365 ሌሊቶች ውስጥ ሊያከራይ የሚችለው 3,650 የክፍል ሌሊት ነው። በ120 ሌሊቶች ሙሉ በሙሉ ቢያዝ 1,200፣ በቀሩት 245 ሌሊቶች ሦስት ሦስት ክፍል ቢያዝ 735፣ በድምሩ 1,935 የክፍል ሌሊት ያገኛል፤ ይህም ካለው አቅም ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። የጥበቃው፣ የአብሳይዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል። ሎጁ በአራት ወር ሠርቶ ለአሥራ ሁለት ወር ይኖራል ማለት ነው። አንድ የገና ወቅት ቢበላሽ ኪሳራው የአንድ ወር ብቻ ሳይሆን የዓመቱ ይሆናል።

ድንገተኛ መቋረጥ

ይህ ስሌት ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ ተናግቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገሪቱ በመግባቱ የውጭ አገር እንግዶች ጉዞ ተቋረጠ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከተማዋ በጦርነቱ እጅ ከእጅ ተፈራረቀች፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ኖረች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ እንደገና ተቋርጦ ነበር።

ትልቅ ድርጅት በአንድ ከተማ የደረሰበትን ኪሳራ በሌላ ከተማ ገቢ ሊያካክስ ይችላል፤ የአንድ ግቢ ሎጅ ግን መካካሻ የለውም። ከሎጁ ጋር ደመወዝተኛው ብቻ ሳይሆን እንቁላል የምታቀርበው ሴት፣ በቅሎ የሚያከራየው ገበሬ፣ ነጠላ የሚሸምነው ባለሙያ አብረው ይቆማሉ። የዘጋ ግቢም እንዲሁ አይጠብቅም፤ የሣር ክዳኑ ያፈሳል፣ ቧንቧው ይዝጋል፣ ሙያ የለመደው ሠራተኛ ኑሮ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሕንፃውን በአንድ ክረምት ማደስ ይቻላል፤ ሁለት ድስት ሳታቀላቅል የምታስተናግድን አብሳይ መተካት ግን ዓመታት ይፈጃል።

መደምደሚያ

ከዚህ ማብራሪያ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተራራ ከተማ ሎጅ መልክና አሠራር የሚጋጩባቸው ቦታዎች አሉት፤ የሣር ክዳንና የዝናብ ውሃ፣ የቅርስ ቅርበትና የፍሳሽ ጉድጓድ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በመሆኑም የግንባታ ፈቃድ የሕንፃውን ቁመትና ቀለም ብቻ ሳይሆን የውሃውን መግቢያና መውጫ ሊመለከት ይገባል። ሁለተኛ፣ ሎጁ ለከተማው የሚሰጠው ጥቅም የሚለካው በክፍሉ ዋጋ ሳይሆን ከዋጋው በአካባቢው በሚቀረው ድርሻ ነው። ሦስተኛ፣ ገቢው በጥቂት ወራትና በሩቅ አገር እንግዳ ላይ ብቻ ሲመሠረት አደጋው ይከብዳል። ወደ ላሊበላ የሚመጣው ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ግን ሆቴል ሳይኖርም ይመጣ ነበር፤ ችግር በበዛበት ዘመንም ከመምጣት አልቦዘነም። ለእርሱ አቅም የሚመጥን ንጹሕ አልጋ፣ የጾም ማዕድና ሙቅ ውሃ ማዘጋጀት የቻለ ሎጅ፣ አውሮፕላን ባያርፍም በሩን የሚያንኳኳ እንግዳ ይኖረዋል።