ጥሬው የሚታጠቀው፣ የበሰለው የሚፈታው

ጭማቂ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ባለፈው ሰሞን ግማሽ ሣጥን አቮካዶ አስይዘው መጡ። «ስገዛው ድንጋይ ነበር ልጄ፤ በአራተኛው ቀን ይኸው!» ብለው አንዱን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ልጣጩ ጥቁር ክብ ጥሎበታል፤ ስንሰነጥቀው ከክቡ ሥር ያለው ሥጋ ቡናማ ሆኗል። ካመጣላቸው ነጋዴ ጋር ሊጣሉ ተነሥተዋል። የእጽዋት በሽታ ሙያዬ ነውና «በሽታው መቼ ያዘው?» ብለው ጠየቁኝ።

ገና ዛፉ ላይ ሳለ ነው። ኮሌቶትሪኩም የሚባለው ፈንገስ እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘሩ በዝናብ እየተረጨ ጥሬው ፍሬ ላይ ያርፋል። ይበቅልና ልጣጩን ወግቶ ጥቂት ይገባል፤ እዚያው ይቆማል። የሚያስቆመው ፍሬው ራሱ ነው። የጥሬ አቮካዶ ልጣጭ ፈንገስ የሚገታ ቅባታማ ውህድ አለው። ይህን ውህድ የሚያፈርስ ሊፖክሲጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም እዚያው አጠገቡ ቢኖርም፣ ኢፒካቴቺን የተባለ ሌላ ውህድ እጁን ይይዘዋል።

አቮካዶ ዛፍ ላይ አይበስልም። ከተቆረጠ በኋላ ግን ኢቲሊን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ የመብሰል ዘረመሎችም ሥራ ይጀምራሉ። ሥጋው ይለሰልሳል፣ ኢፒካቴቺኑ ይቀንሳል፣ ኢንዛይሙ ይፈታል፣ ጋሻው ይፈርሳል። ተኝቶ የከረመው ፈንገስ ያኔ ይነሣል።

በቲማቲም ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይህን የመብሰልና የበሽታ ዝምድና በዘረመል ደረጃ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የሴል ግድግዳን በማላላት የሚተባበሩ ሁለት የመብሰል ዘረመሎችን አብረው ሲያዳክሙ፣ ፍሬው ግራጫ ሻጋታን በተሻለ ተቋቋመ። አንዱን ብቻ ማዳከም ግን አልበቃም። ለእኛ ጥርስ የሚለሰልሰው ፍሬ ለሻጋታውም በር ይከፍታል ማለት ነው። ፍሬው ጋሻውን የሚይዘው ዘሩ እስኪጎለምስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው በልቶ ዘሩን የሚበትንለትን ነው።

በሽታው ዛፉ ላይ ስለሚይዘው የመከላከሉ ሥራ ከእርሻው ይጀምራል። ፈንገሱ የሚከርምባቸውን የደረቁ ቅርንጫፎች መግረዝ፣ ፍሬውን በዝናብ አለመልቀም፣ ሳያቆስሉ መቁረጥ፣ ቶሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ጎረቤቴን ግን እንዲህ አልኳቸው፦ «ነጋዴውን ይተዉት፤ እሱም እንደ እርስዎ የገዛው ጥሬውን ነው። የዕለቱን ያህል ብቻ ያብስሉ፤ የበሰለውን ማቀዝቀዣ ያስገቡ፤ ለነገ አያሳድሩት።»