«እስማማለሁ» ሲባል ምን ተሰጠ? የዲጂታል ግብርና አገልግሎት ውልና የአርሶ አደሩ መረጃ

አርሶ አደር በስልክ የግብርና አገልግሎት ለማግኘት ሲመዘገብ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የማሳውን ስፋት፣ የሚዘራውን ሰብልና የሚጠቀመውን ማዳበሪያ ይናገራል። አንዳንዱ መተግበሪያ የማሳውን ድንበር በጂፒኤስ ይለካል። ብድር የሚያገናኝ ከሆነም የይዞታ ደብተሩንና ያለፉትን ዓመታት ምርት ይጠይቃል። ከዚያ ረጅም የውል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱ ካልተነካ አገልግሎቱ አይከፈትም። በዚህ ውል አርሶ አደሩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀርለት በዓለም ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

ክርክሩ የጎላው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዘር አምራቹ ሞንሳንቶ የአየር ሁኔታና የማሳ መረጃ የሚተነትነውን ክላይሜት ኮርፖሬሽንን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ገበሬዎቹ ተጨነቁ። ዘር የሚሸጥላቸው ኩባንያ እያንዳንዱ ማሳ ስንት እንደሰጠ ካወቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ሲነጋገሩ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? መሬት ተከራይቶ የሚያርሰውም ምርቱ ታይቶ ኪራይ እንዳይጨመርበት ፈራ። በ2014 የአሜሪካ ፋርም ቢሮ ፌዴሬሽንና ሌሎች የገበሬ ማኅበራት ከቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጋር በመረጃ አያያዝ መርሆዎች ላይ ተስማሙ፤ ከመርሆዎቹ አንዱ በእርሻው ላይ የሚመነጨው መረጃ የገበሬው ነው ይላል። በአውሮፓም የገበሬዎች ማኅበራትና የግብዓት አምራቾች በ2018 ተመሳሳይ የሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። ሁለቱም በፈቃደኝነት ላይ የቆሙ ስለነበሩ፣ ያላከበረውን የሚቀጣ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ግን በአንድ ወገን የተጫነ ፍትሐዊ ያልሆነ የውል ቃል ሌላውን ወገን እንደማያስገድድ ተደነገገ።

«መረጃው የእርስዎ ነው» የምትለው አንቀጽ ብዙ ታጽናናለች፤ እኔ ግን ከውሉ ሁሉ ጥቅሟ አነስተኛ እንደሆነ አምናለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ኩባንያው መረጃውን ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠቀምበት፣ ለአጋሮቹም እንዲያካፍል የሚፈቅድ አንቀጽ ከመጣ ባለቤትነቱ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። መነበብ ያለበት «አጋር» የተባለው ማን እንደሆነ፣ አርሶ አደሩ አገልግሎቱን ሲተው መረጃው ይሰረዝ እንደሆነ፣ ኩባንያው ቢሸጥ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ስም የተፋቀበት መረጃም ቢሆን የሚያሳስብ ነገር አለው። በአንድ ቀበሌ ሰሊጥ የሚዘሩት ጥቂት ሰዎች ከሆኑ የማሳው ቦታ ብቻ ባለቤቱን ያሳውቃል። ከዚያ የሚከፋው የጅምላው ዕውቀት ነው። በአንድ ወረዳ ምን ያህል እህል እንደሚሰበሰብና ስንት ሰው ብድር እንዳለበት ከአጨዳ በፊት የሚያውቅ ነጋዴ፣ ገበያ ላይ ዕዳውን ለመክፈል የሚቸኩለውን አርሶ አደር ይጠብቀዋል። የማንም ስም ሳይወጣ መላው ወረዳ ይጎዳል።

ሌላው ከባድ አንቀጽ ኃላፊነትን የሚያነሣው ነው። መተግበሪያው ዝሩ ባለበት ሳምንት ዝናብ ቢቀር፣ የተመከረው ፀረ ተባይ ሰብሉን ቢያቃጥል፣ ኩባንያው ተጠያቂ እንዳይሆን ውሉ አስቀድሞ ይደነግጋል። ዝናብ ጠብቆ ለሚያርስ ቤተሰብ የአንድ መኸር ስህተት የዓመት ቀለብ ነው። ዝናቡን ኩባንያው አያዝዘውም፤ ለሸጠው ምክርና ላቀረበው ግብዓት ጥራት ግን ሊጠየቅ ይገባል።

በአገራችን የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ግብርና ሚኒስቴርና ኢትዮ ቴሌኮም በ2006 ዓ.ም. የጀመሩት 8028 የስልክ መስመር በነፃ ምክር ይሰጥ ነበር፤ አርሶ አደሩ በአገሩ ቋንቋ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ግብዓት፣ ትራክተር ኪራይና ብድር የሚያገናኙ መተግበሪያዎች መጡ፤ ጥቅማቸው እውነተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ስልኩን ይዞ የሚመዘግበው ወኪል ወይም የልማት ሠራተኛ ነው፤ ቁልፉንም የሚነካው እሱ ነው።

ሕጋችን ለዚህ ባዶ እጁን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ያዘጋጀው ጠቅላላ የንግድ ውል ቃል ሌላው ወገን አውቆት ካልተቀበለው ወይም የመንግሥት አካል ካላጸደቀው እንደማያስገድደው ይናገራል። አንቀጽ 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማም ሆነ አሻራ፣ ሥልጣን ባለው የውል መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህ ሁለተኛው በጽሑፍ ለሚደረጉ ውሎች የተነገረ ስለሆነ ለመተግበሪያ ውል ሁሉ በቀጥታ ላይሠራ ይችላል፤ የሕግ አውጪው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። ያኔ አሻራ እንኳ ያለ ምስክር አልታመነም፤ ዛሬ በሌላ ሰው ጣት የተነካ ቁልፍ እንደ ሙሉ ፈቃድ ይቆጠራል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይ፣ እንዲያሳርምና እንዲያሰርዝ መብት ሰጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ግን የሚጠብቀው ግለሰብን ነው፤ ከላይ ያነሣሁት የመላው ወረዳ ጉዳት ከእጁ ውጭ ይቀራል። ይህን ክፍተት ሊደፍን የሚችለው ኅብረት ሥራ ማኅበሩና ዩኒየኑ ነው። ማዳበሪያ ለአባላቱ የሚያቀርብ ማኅበር፣ መረጃው ለማን እንደሚሰጥና በምን ዋጋ እንደሚሰጥም አባላቱን ወክሎ መደራደር ይችላል። ግብርና ሚኒስቴርም የውሉ ዋና ዋና ነጥቦች በአርሶ አደሩ ቋንቋ በድምፅ እንዲነበቡና ፈቃዱም በራሱ ድምፅ እንዲቀዳ ቢያስገድድ ብዙ አያስወጣም፤ የ8028 መስመር በድምፅ ማስረዳት እንደሚቻል አሳይቷል።

እስከዚያው ድረስ፣ ገጠር ያሉ ወላጆቻችሁን በስልካችሁ የምትመዘግቡ ልጆች ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት መረጃው ለማን እንደሚሄድ፣ ሲወጡ ይሰረዝ እንደሆነና ምክሩ ቢሳሳት ማን እንደሚጠየቅ የሚናገሩትን አንቀጾች አንብቡላቸው።