አየር ያጣ አፈር ቱፎርዲን ቶሎ አያፈርስም

ቱፎርዲ በአገራችን በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት በብዛት የሚረጭ መድኃኒት ነው። አረሙ ከጠወለገ በኋላ መድኃኒቱ የት እንደሚደርስ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ጥያቄው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። መድኃኒቱ ባቄላንና ምስርንም እንደ አረም ይጎዳል፤ ከማሳው በታች ደግሞ ሰውና ከብት የሚጠጣው ምንጭ አለ።

በማሳ ላይ የቀረውን መድኃኒት በይበልጥ የሚያጠፉት በዓይን የማይታዩ የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። የቱፎርዲ ዋና አካል እንደ ቀለበት የተያያዙ ስድስት የካርቦን አተሞች ናቸው። ባክቴሪያዎቹ በመጀመሪያ ከቀለበቱ ጋር የተያያዘውን ቅጥያ ቆርጠው ይጥሉና፣ ከዚያ በኋላ ዳይኦክሲጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ያሰማራሉ። ይህ ኢንዛይም በመካከሉ ብረት የያዘ ሲሆን፣ ሁለት የኦክሲጅን አተሞችን ከቀለበቱ ጋር በማጣመር ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀው ለባክቴሪያው ምግብ ይሆናል። እንዲህ ያለው ኢንዛይም ኦክሲጅኑን በቀጥታ ከአየር እንደሚወስድ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ኦሳሙ ሃያይሺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1955 አረጋግጠዋል። ገለባ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስም የሚሠራው የዚሁ ኢንዛይም ዘመድ ነው።

ለገበሬው ቁም ነገሩ አየሩ ነው። ሞቅ ባለ፣ እርጥበትና አየር ባለው አፈር ውስጥ የቱፎርዲው ግማሽ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይፈርሳል። ውኃ በተኛበት ዋልካ ወይም በኩሬ ደለል ውስጥ ግን ኢንዛይሙ ኦክሲጅን ስለሚያጣ መድኃኒቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ወደ ጉና ተራራ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ብርዱ የባክቴሪያውን ሥራ ያዘገየዋል። ስለዚህም ፈሰስ ማውጣት ለሰብሉ ብቻ ሳይሆን ለአፈሩም ጽዳት ይበጃል። ከኩበቱም ከፊሉ ወደ ማሳ ቢመለስ ባክቴሪያው ይበረታል፤ ማገዶ ከየት ይምጣ መባሉ ግን አይቀርም፣ እውነትም ከባድ ነው።

ሁሉም መድኃኒት እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም። ክሎሪን የበዛበት ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በአገራችን መጋዘኖች ተከማችተው ከነበሩት ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ወደ ፊንላንድ ተጭነው እንዲቃጠሉ የተደረገው መላው ስለጠፋ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጀርባ መርጫን በምንጭ ወይም በወንዝ ዳር ማጠብ ነው። ውኃው በጀሪካን ወደ ማሳው ተወስዶ መርጫው እዚያው ይታጠብ፤ እጣቢውም በተረጨው ሰብል ላይ በስሱ ይረጭ። ይህን ማኅበሩ በስብሰባ ሊወስነው ይችላል። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ፤ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አይዋል።